ሳህኑ እስኪሞላ

በአንዲት ትንሽ ከተማ ጥጥ እየፈተለች የምትተዳደር ሴት ነበረች። ስሟ ይርገዱ ይባላል። ባሏ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ልጅ አልነበራትም። ከቤቷ ጀርባ ሦስት ሰው ጎን ለጎን ቢተኛበት የሚሞላ ትንሽ ጓሮ ነበራት። ጓሮው አጥር ጋ ሲደርስ ያልቃል። ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤቷ የውድነሽ ጓሮ ይጀምራል።

በአጥሩ መሃል ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ሽንቁር ነበር። ማን እንደከፈተው የሚያስታውስ የለም። ሁለቱ ሴቶች በዋናው በር ዞረው ሲገናኙ አይታዩም። ጨው ሲያልቅባቸው፣ እሳት ሲጠፋባቸው፣ አዲስ ወሬ ሲሰሙ የሚተላለፉት በዚያ ሽንቁር ነው። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖሩ።

አንድ ክረምት ይርገዱ በጠና ታመመች። ውድነሽ በየቀኑ በሽንቁሩ እየገባች አስታመመቻት። ትኩሳቱ የለቀቃት ዕለት ውድነሽ የገብስ ገንፎ አገነፋች፤ መሃሉን ጎድጎድ አድርጋ ቅቤ ሞላችበትና ይዛላት መጣች። ገንፎው የቀረበው ሰማያዊ አበባ በተሳለበት ጎድጓዳ ሳህን ነበር።

"ይሄ እኮ የእናትሽ ነው። ምነው በሌላ ብታመጪው?" አለች ይርገዱ።

"ዛሬ ድነሻል፤ ደህና ዕቃ ያስፈልግሻል። ይልቅ ሳይበርድ ብዪ።"

ሳህኑ ተራ ሳህን አልነበረም። ውድነሽ በተዳረች ጊዜ እናቷ ለፀጉሯ የሚሆነውን ለጋ ቅቤ ያቀረበችላት በዚያ ሳህን ነው። ውድነሽም ልጇ ስንዱ ስትዳር እንዲሁ ልታደርግላት አስባ ነበር። ይርገዱ ይህን ታውቃለች። ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች።

የዚያች ከተማ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። የሰው ሳህን ሞልቶ ከመጣላቸው ባዶውን አይመልሱትም። ቆሎም ቢሆን፣ አንድ ራስ ሽንኩርትም ቢሆን የሆነ ነገር ያደርጉበታል። ከዚህ ልማድ ደግሞ ሌላ ልማድ ተወልዷል። ሳህኑን የሰጠችው ሴት አትጠይቅም። "ሳህኔን መልሺልኝ" ብትል "ሞልተሽ መልሺልኝ" ማለቷ ይሆንባታል። ስለዚህ ዝም ብላ ትጠብቃለች።

ይርገዱ ከአልጋ ስትነሣ ቤቷ ምንም አልነበረውም። ሁለት ወር ሙሉ እንዝርት አልነካችም። በማሰሮ ሥር አንድ እፍኝ ሽምብራ ብቻ ቀርቷታል። ሽምብራውን ቆላችው፤ ሳህኑ ላይ አደረገችው፤ አየችው። ከሰማያዊዎቹ አበቦች አንዱን እንኳ አልሸፈነም።

"እኔ በቅቤ የሞላ ገንፎ በልቼ አሁን ይህን ይዤ ልሂድ?" አለች ለራሷ።

ሽምብራውን ራሷ በላችው። ሳህኑን አጥባ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። "በሳምንቱ ደህና ነገር ሳገኝ እመልሰዋለሁ" አለች።

በሳምንቱ ሦስት እንቁላል አገኘች። ግን አሁን የሳምንት መዘግየት ስላለበት ሦስት እንቁላል አነሰባት። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ የሁለት ሳምንት መዘግየት ሆነ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሳህኑ ውስጥ መግባት የነበረበት ነገር በየሳምንቱ እየተለቀ ሄደ። ይርገዱ ውድነሽ ስትመጣ ሳህኑ እንዳይታይ ነጠላ ጣል ታደርግበት ጀመር። ውድነሽም ነጠላውን አየች፤ ከሥሩ ያለውንም ገመተች፤ ግን ምንም አላለችም።

በመስከረም መጀመሪያ ይርገዱ ጋሽ ሽብሩ ዘንድ ሄደች። ጋሽ ሽብሩ ዕድሜያቸውን በአትክልተኛነት የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው። ጡረታ ከወጡም በኋላ ሥራው አልወጣላቸውም፤ በአሮጌ ጣሳ ሁሉ ችግኝ ያፈላሉ።

"ጋሽ ሽብሩ፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህን የሚሞላ ነገር መትከል ፈልጌ ነበር" አለች።

"ሳህን የሚሞላ? እኔን ሰው የሚጠይቀኝ ሆድ የሚሞላ ነው።"

"ሳህኑ ከሞላልኝ ይበቃኛል።"

"ቀለሙስ? የቀለም ምርጫም ይኖርሻል።"

ይርገዱ ቀልዱ አልገባትም። ሰማያዊዎቹን አበቦች አሰበችና "ቀይ ቢሆን ያምርበታል" አለች።

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። ጎንበስ ብለው ስምንት የቲማቲም ችግኝ መርጠው ሰጧት። "ሲያፈራ አንዲት ታቀምሺኛለሽ። ሌላ ነገር አልፈልግም። በያንዳንዱ መሃል አንድ ክንድ ተኩል ተዪ። ካጠጋጋሻቸው ይጣላሉ።"

"እኔ ጓሮ ምን ያጣላቸዋል? ተዋደው ያድጋሉ።"

"እንግዲያው ለማስታረቅ ስትፈልጊኝ ላኪብኝ" አሏት።

በጓሮዋ ውስጥ ፀሐይ በደንብ የሚያገኘው የአጥሩ ሥር ብቻ ነበር። ይርገዱ መሬቱን ቆፈረች፤ የበሰበሰ የከብት ፍግ ለምና አምጥታ ቀላቀለችበት። ከዚያ ችግኞቹን በአጥሩ ሥር ደረደረቻቸው። እንደተነገራት አንድ ክንድ ተኩል ብትተው አራቱ ብቻ ናቸው ቦታ የሚያገኙት። ስምንቱም ቀይ ሆነው ሳህን ውስጥ ታይተዋታልና አራቱን መጣል አልሆነላትም። አጠጋጋቻቸው። እንዲያም ሆኖ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ቦታ አጡ። እነሱን ሽንቁሩ ፊት ተከለቻቸው።

"ለጊዜው ነው። ሳህኑን ይዤ ስሄድ በዋናው በር እዞራለሁ" አለች። እውነቱን ለመናገር ግን ሽንቁሩ ቢዘጋ ደስ ሳይላት አልቀረም። የውድነሽን ዓይን ማየት ከብዷት ነበር።

ቲማቲሞቹን እንደ ልጅ ተንከባከበቻቸው። ቁመት ሲያወጡ ራሷ በፈተለችው ለስላሳ ድርብ ፈትል፣ ግንዱን እንዳያንቀው ላላ አድርጋ፣ ከአጥሩ ጋር አሰረቻቸው። ማታ ማታ በተበሳሳ ጣሳ ውሃ ከላይ ታፈስባቸዋለች። "ፊታቸውን ታጥበው ይደሩ" ትላለች። እነሱም አላሳፈሯትም። በኅዳር አጥሩ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆነ። ሽንቁሩ የት እንደነበረ የማያውቅ ሰው አሁን ቢፈልገው አያገኘውም።

አንድ ጠዋት ውድነሽ ፍም ልትወስድ እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ መጣች። ግንባሯ ከቅጠል ጋር ተጋጨ። ቀና አለች፤ ግራና ቀኙን አየች። ቅጠሉን በእጇ ነካ አደረገችው። ከዚያ ቀስ ብላ ተመለሰች።

በማግስቱ ውሃ መቅጃው ጋ አስካለ የምትባል አፏ የማያርፍ ሴት አገኘቻት።

"ጎረቤትሽ ሽንቁሩን ዘጋችብሽ አሉ?"

"ቲማቲም ተክላ ነው።"

"ሰው አጥሩን በእሾህ ያጥራል። የአንቺ ጎረቤት በወጥ አጠረች!"

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ውድነሽም አብራ ሳቀች። ቤቷ ስትገባ ግን እንስራዋን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ ቁጭ አለች። ምን እንዳጠፋች ታስብ ነበር።

በታኅሣሥ ፍሬው አረንጓዴ ሆኖ ተንጠለጠለ። በዚያው ሰሞን የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ እየሆኑ ቡናማ ነጠብጣብ አወጡ። ይርገዱ ደንግጣ ጋሽ ሽብሩን ጠራቻቸው። ሽማግሌው መጥተው በአንድ ጉልበታቸው ተንበረከኩና ቅጠሉን ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩ።

"ተጣልተዋል" አሉ።

"ምን ይሻላል?"

"መቼ ነው የምታጠጪያቸው?"

"ማታ ማታ። ከላይ ነው፣ ፊታቸውን እያጠብኩ።"

"ቲማቲም ምን ፊት አለውና ታጥቢዋለሽ? የሚጠጣው በእግሩ ነው። ጠዋት ጠዋት ሥሩ ላይ አጠጪው። ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ሲያድር ነው በሽታ የሚገባው።" ቢላዋቸውን አወጡ። "ይሄ መሬት የነካው ቅጠል ሁሉ ይነሣ። ታፍነዋል። ነፋስ በመሃላቸው ይለፍ።"

አንድ በአንድ እየቆረጡ ሄዱ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ጋ ሲደርሱ ይርገዱ እጃቸውን ያዘች።

"እነዚህ ይቅሩ።"

"እነዚህ ናቸው እኮ ዋናዎቹ በሽተኞች።"

"ይቅሩልኝ ጋሽ ሽብሩ። ቅጠሉ ከተነሣ ታየኛለች።"

"ማን ናት የምታይሽ?"

ይርገዱ አንገቷን ደፍታ ሁሉንም ነገረቻቸው። ገንፎውን፣ ሳህኑን፣ ሽምብራውን፣ እንቁላሉን፣ ነጠላውን። ሽማግሌው ቢላዋቸውን አጠፉና ራሳቸውን አከኩ።

"እኔ ስለ ሳህን አላውቅም" አሉ። "የማውቀው ስለ ቲማቲም ነው። ነፋስ የሚያስገባ ቀዳዳ ሰውም ያሳያል። አንዱን አስገብቶ ሌላውን የሚከለክል ቀዳዳ እስከ ዛሬ አላየሁም። ደግሞ የቀላውን ቶሎ ቶሎ ልቀሚ። የቀላ ፍሬ ተሸክሞ ከሰነበተ ተክሉ ሥራዬን ጨረስኩ ብሎ ይቀመጣል።"

"አይ፣ ሳህኑ እስኪሞላ እጠብቃለሁ። የምለቅመው በአንድ ቀን ነው።"

"ሳህኑስ ይጠብቅሻል። ልጄ፣ ቲማቲሙ ግን እስከዚያ አይቆይልሽም።"

ይርገዱ ውሃውን ጠዋት ጠዋት ሥሩ ላይ ማጠጣት ጀመረች። ቅጠላቸው የተነሣላቸው ስድስቱ አገገሙ። ሽንቁሩ ፊት ያሉትን ሁለቱን ግን እንዳሉ ተወቻቸው።

ጥር ገባ። የስንዱ ሠርግ በወሩ መጨረሻ እንደሆነ በከተማው ተሰማ። ቲማቲሞቹም መቅላት ጀመሩ። ይርገዱ በየማለዳው ባዶውን ሳህን ይዛ ትወጣለች፤ ተክሎቹ ፊት ትቆምና በዓይኗ ትሞላዋለች። ሳህኑን እስከ አፉ ለመሙላት ሃያ ያህል ፍሬ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ሦስት ቀሉ። ከዚያ ሰባት። ከዚያ አሥራ አንድ ሆኑና እዚያው ላይ ቆሙ። ቀሪዎቹ አረንጓዴ እንደሆኑ አልነቃነቅ አሉ። ሳህኑን መልሳ ታስገባዋለች።

አንድ ሐሙስ ከአጥሩ ማዶ የሴቶች ድምፅ ሰማች። ለሠርጉ በርበሬ ሊቀነጥሱ ተሰብስበዋል። ድሮ ቢሆን ከሁሉ ቀድማ የምትጠራው እሷ ነበረች። ከቲማቲሙ ጀርባ ቆማ አዳመጠች።

"ይርገዱን ምነው ሳትጠሪያት?" የሚለው የአስካለ ድምፅ ነው። "በርበሬ ስትቀነጥስ እንደ እሷ የሚፈጥን የለም።"

"ከበሽታ የተነሣች ሴት ናት። ያስነጥሳታል" አለች ውድነሽ።

"እሷስ ከተነሣች ቆየች። እስከ አሁን ያልተነሣው ያንቺ ሳህን ነው!"

ሴቶቹ ሳቁ። የውድነሽ ሳቅ አልተሰማም።

"ብጠራት ሳህኑን ፈልጌ ይመስላታል" አለች ቆይታ። "ባልጠራት ደግሞ የረሳኋት ይመስላታል። ምን ላድርግ?"

"ታዲያ የስንዱን ቅቤ በምን ልታቀርቢው ነው?"

"በሌላ ዕቃ ነዋ። ቅቤው ያው ቅቤ ነው።"

ይህን ተናግራ ውድነሽ አፍንጫዋን ጠረገች። በርበሬው ይሁን ሌላ ነገር፣ ይርገዱ ከቅጠሉ ጀርባ ሆና መለየት አልቻለችም።

እግሯ ሊሮጥ ነበር። ወደ ቤት ገብታ ሳህኑን አነሣች። ተመልሳ ቲማቲሞቹን አየች። አሥራ አንድ። አሥራ አንዱ ሳህኑን ግማሽ ያደርጉታል። "ለሠርግ ቤት ግማሽ ሳህን?" አለች። "አምስት ወር አስቀምጬ ግማሽ? ቅዳሜ ድረስ ልታገሥ። እስከ ቅዳሜ ሌሎቹም ይቀላሉ።"

አርብ ከሰዓት በኋላ ማንም ያልጠበቀው ዝናብ መጣ። በጥር እንዲህ ያለ ዝናብ አይጠበቅም። እስኪመሽ ድረስ ጣለ።

ቅዳሜ ጠዋት ይርገዱ ሳህኑን ይዛ ወጣች። ውሃ በድንገት ሲበዛበት የበሰለ ቲማቲም ቆዳው አይችልም። አሥራ አንዱም ቀይ ቲማቲሞች ከላይ እስከ ታች ተሰነጣጥቀዋል። ሦስቱ ጭቃ ላይ ወድቀዋል። ሽንቁሩ ፊት ካሉት ተክሎች በአንደኛው ላይ፣ ትላንት ያልቆጠረቻት አንዲት ትንሽ ፍሬ ብቻ ደህና ነበረች። እሷም ትከሻዋ ገና አረንጓዴ ነው።

ይርገዱ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጣ አለቀሰች።

አልቅሳ ስትጨርስ ተክሎቹን አየች። ሽንቁሩ ፊት ያሉት ሁለቱ ቅጠላቸው ረጥቦ አንዱ በአንዱ ላይ ተኝቷል። ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ሲያድር በሽታ ይገባል ያሉት ትዝ አላት። እንዲሁ ብትተዋቸው በሽታው ወደ ስድስቱም ይሻገራል፤ ገና ያልበሰለው ፍሬ ሁሉ ይጠፋል። ቢላዋ አመጣችና የታቹን ቅጠል መቁረጥ ጀመረች። በቆረጠች ቁጥር ከማዶ ትንሽ ትንሽ ብርሃን ይገባል። በመጨረሻ ሽንቁሩ ተከፈተ።

በማዶ ውድነሽ ብቻዋን ነበረች። ዝናቡ የሠርጉን በርበሬ አግኝቶት ነበርና ሰሌን ላይ አስጥታ ልታደርቀው ትታገላለች። በዚያው ቅጽበት ሰማዩ እንደገና አጉረመረመ፤ ትላልቅ ጠብታዎች መውረድ ጀመሩ። ውድነሽ ሰሌኑን በአንድ ጫፍ ይዛ ጎተተችው። ሌላኛው ጫፍ ተጣመመና በርበሬው ወደ ጭቃው መፍሰስ ጀመረ።

ይርገዱ አላሰበችም። ጎንበስ ብላ በሁለቱ ተክሎች መሃል አለፈች፤ ሮጣ ሌላኛውን ጫፍ ያዘች።

"ወደ ግድግዳው! ከጣሪያው ሥር!" አለች።

"ቀስ፣ ቀስ፤ በአንቺ በኩል እየፈሰሰ ነው!"

ሁለቱ ሰሌኑን ተሸክመው ከጣሪያው ክዳን ሥር አስገቡት። የፈሰሰውን እየለቀሙ መለሱት። ሲጨርሱ ቀና ብለው ተያዩ። ያን ጊዜ ነው ይርገዱ ባዶ እጇን እንደመጣች የገባት።

"ሳህንሽን አላመጣሁም" አለች።

"ሳህን ማን ጠየቀሽ?"

"ማንም አልጠየቀኝም። እሱ ነው የጨረሰኝ።"

ወዲያው ዞራ በሽንቁሩ ተመለሰች። ያችን አንዲት ደህና ቲማቲም ቀጥፋ ሳህኑ ውስጥ አደረገቻትና ይዛ መጣች። ቲማቲሟ በሰፊው ሳህን ውስጥ ከጠርዝ ጠርዝ ትንከባለላለች።

"አንዲት ናት። ሃያ ላመጣልሽ ነበር" አለች ይርገዱ።

ውድነሽ ቲማቲሟን አየች፤ ይርገዱን አየች። "ለዚህ ነው አምስት ወር የጠፋሽብኝ? እኔ እኮ ምን አስቀየምኳት እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። አጥሩን በላዬ የዘጋሽብኝ መስሎኝ!"

"ቲማቲም ነው የበቀለው።"

"ቲማቲም ሌላ ቦታ አጥቶ ሽንቁራችን ላይ?"

"ፀሐይ ያለው እዚያ ነው" አለች ይርገዱ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ደግሞም አፍሬ ነበር።"

ውድነሽ ሳህኑን ከእጇ ተቀበለቻት። "እኔም አጥፍቻለሁ። በዋናው በር ዞሬ መምጣት እችል ነበር። ሳህን ፍለጋ የመጣሁ እንዳይመስልሽ ብዬ ቀረሁ። አየሽ፣ አንቺ በሳህን አፈርሽ፣ እኔ በሳህን ፈራሁ፤ እሱ ግን መደርደሪያ ላይ ተመችቶት ተቀምጧል።" ሳቋ መጣባት። "ስንዱ! ቢላዋና ጨው ይዘሽ ነይ!"

ሙሽራዋ ጨው ይዛ መጣች። አንዲቱን ቲማቲም ለሦስት ቆርጠው ቆመው በሉ።

"ይጎመዝዛል" አለች ስንዱ።

"ትከሻው አልቀላም ነበር" አለች ይርገዱ።

"ይጎምዝዝ! አምስት ወር የታሸ ነገር መቼ ይጣፍጣል?" አለች ውድነሽ። ሦስቱም ሳቁ። "የቀሩትስ የት አሉ?"

"ተሰነጣጠቁ።"

"የተሰነጠቀ ዛሬውኑ ከተሠራ ምን ይሆናል? የወደቀውንም እጠቢና ሁሉንም አምጪው። በርበሬ ሊጨርሱ የሚመጡት ሴቶች ምሳ ይፈልጋሉ።"

የዚያን ቀን ምሳ አሥራ አንዱ ቲማቲም በሽንኩርትና በቃሪያ ተሠርቶ ቀረበ። አስካለ ሁለቴ ጨመረች። እንጀራዋን አጥቅሳ እየጎረሰች "አጥሩ ይጣፍጣል!" አለች። ይርገዱ በአምስት ወር ውስጥ እንደዚያ ቀን ስቃ አታውቅም። በርበሬውንም ቀነጠሰች፤ እውነትም ያስነጥሳታል።

በማግስቱ አረንጓዴዎቹ መቅላት ጀመሩ። ይርገዱ የቀላውን ሁሉ ዕለቱን ትለቅመዋለች። ሁለት ሲሆን ሁለት፣ አምስት ሲሆን አምስት ይዛ በሽንቁሩ ታልፋለች። ተክሎቹም ሸክማቸው ሲቀልላቸው አዲስ አበባ አወጡ። ጋሽ ሽብሩ ልቅመስ ያሏትን አንዲት ቲማቲም ሊቀምሱ መጥተው አራት ይዘው ተመለሱ። ሲሄዱ ሽንቁሩን በጎን ዓይናቸው አዩና "ታረቁ?" ብለው ጠየቁ። ስለ ቲማቲሞቹ ይሁን ስለ ሰዎቹ አልተናገሩም።

በሠርጉ ዋዜማ የስንዱ ቅቤ ሰማያዊ አበባ ባለው ሳህን ቀረበ። ፀጉሯ ላይ የመጀመሪያውን ቅቤ እናቷ አደረገች። ሁለተኛውን ይርገዱ እንድታደርግ ውድነሽ ሳህኑን ሰጠቻት።

ከሠርጉ በኋላ ያው ሳህን የድግስ ዳቦ ተሞልቶ በሽንቁሩ ወደ ይርገዱ ቤት መጣ። ይርገዱ ዳቦውን በላች፤ ሳህኑን አጠበች። በማሰሮዋ ሥር እፍኝ ሽምብራ ነበራት። ቆላችው፤ ሳህኑ ላይ አደረገችው። ከሰማያዊዎቹ አበቦች አንዱንም አልሸፈነም። ዕለቱን ወስዳ ሰጠቻት። ሁለቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ቆረጠሙት።

በሚቀጥለው ዓመት ይርገዱ የተከለችው አራት ቲማቲም ብቻ ነው። በመሃላቸው አንድ ክንድ ተኩል ተወች። ሽንቁሩ ፊት ምንም አልተከለችም። አራቱ ከስምንቱ የበለጠ አፈሩ።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ይርገዱና ውድነሽ ክፉዎች አልነበሩም። አንዷ ትንሽ ነገር ይዛ መሄድ አሳፈራት፤ ሌላዋ መጠየቅ አሳፈራት። ያራራቃቸው ጥላቻ አይደለም፤ መከባበር ነው። ሰው ለወዳጁ የሚገባውን ትልቅ ነገር እስኪያገኝ ሲጠብቅ በእጁ ያለው ትንሹ ነገር ይሰነጠቃል። ዘግይተን የምንመልሰው ነገር ባደረ ቁጥር ይከብደናል፤ ያንን ሸክም የጫንነው ግን እኛው ነን እንጂ የሚጠብቀን ሰው አይደለም። እሱ የሚጠብቀው ሳህኑን ሳይሆን እኛን ነው። ቲማቲምም ሰውም በመሃሉ ነፋስ ማለፍ አለበት፤ የተሸፈነው ነገር መጀመሪያ የሚታመመው ከሥር ነው። ደስ የሚለው ነገር ደግሞ፣ የታችኛው ቅጠል ሲነሣ ተክሉ ወዲያው መዳን ይጀምራል። አንድ ጠዋት ብቻ ይበቃዋል።

እስቲ አሁን ቀና ብላችሁ መደርደሪያችሁን እዩ። ነጠላ የተጣለበት የማን ሳህን አለ? በእጃችሁስ ዛሬ ስንት ቲማቲም ቀልቷል?